ንጹሕ ሱሪ

ሽማግሌው ተመራማሪ በሽታ ሊቆጥሩ ወደ አጃ ማሳ በሚወርዱበት ቀን ነጣ ያለ ሱሪ ይለብሳሉ። በሌላው ቀን ሱሪያቸው ጥቁር ወይም ቡናማ ነው፤ የቆጠራ ቀን ግን ተተኩሶ መስመር የወጣለት፣ ለሠርግ የሚሆን ነጣ ያለ ሱሪ። የምርምር ጣቢያው ሠራተኞች መጀመሪያ ላይ ይስቁባቸው ነበር፤ ኋላ ለመዱት። ነገሩ ቀላል ነው። ዋግ የሚባለው በሽታ የያዘው አጃ ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ያወጣል፤ ሰው በረድፎቹ መሃል ሲያልፍ ዱቄቱ ልብሱ ላይ ይቀራል። ሽማግሌው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጡና ጫፉ ላይ ቆመው ወደ ጭናቸው ያያሉ። ሱሪው ብርቱካን ከመሰለ «ጥሩ ዓመት ነው» ብለው መዝገባቸውን ይከፍታሉ። ንጹሕ ከሆነ መዝገቡ እንደተዘጋ ይመለሳል። በሽታ ያልመጣበት ማሳ የትኛው ዝርያ እንደሚችለው፣ የትኛው እንደማይችለው አይናገርም።

ወጣቷ አዳቃይ ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሳቸው ሱሪ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ወደ ጣቢያው ስትመጣ ከአፏ ቃል በወረንጦ ካልተሳበ የማይወጣ ልጅ ነበረች፤ ያስያዟትም ወረንጦ ነው። የአጃ አበባ ከአንዲት የገብስ ፍሬ አይበልጥም። ሽፋኑን በወረንጦ ጫፍ ገለጥ አድርጎ፣ በውስጡ ያሉትን ሦስት የወንዴ ከረጢቶች ሳይፈነዱ ለቅሞ፣ ዘለላውን በወረቀት ሸፍኖ፣ በማግስቱ ከሌላው ዝርያ የመጣውን ብናኝ መነስነስ ነው። ከአሥር አበባ ሁለቱ ፍሬ ከያዙ እሰየው ነው። ሥራው ወሬ አይፈልግም፤ ትንፋሽ እንኳን በልክ ነው የሚተነፈሰው። ስለዚህ ተስማማት።

በመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌው በመስታወት ቤቱ ውስጥ ሁለት ቅጠል አምጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። በአንደኛው ላይ ዱቄቱ በጅምላ ሰፍሯል። በሌላኛው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጥቂት ነጥቦች ብቻ አሉ፤ እያንዳንዳቸው በገረጣ ቀለበት ተከበዋል። የትኛው ጤነኛ እንደሆነ ጠየቋት። ሁለቱም ታመዋል ስትል መለሰች።

«ይኼኛው አልታመመም» አሉ ባለ ቀለበቱን እያሳዩ። «በሽታው መጥቶበታል። እሱ ግን የራሱን ገላ ዙሪያውን ገድሎ ጦሙን አሳደረው። በጣትሽ ፈትጊው።»

ፈተገችው። ጣቷ ንጹሕ ነበር።

አሥራ ሰባት ቁጥር የምትባለው አዲስ የአጃ ዝርያ የመጣችው ከእንዲህ ዓይነቱ ወገን ነው። እናቷ ሰው የምትደብቅ ረጅም፣ ቅጠለ ብዙ፣ ከብት የሚወዳት፣ ዋግ ሲመጣ ግን በሦስት ሳምንት የምትነድ ዝርያ ነበረች። አባቷ ደግሞ ገበሬ ቢያየው አረም ነው ብሎ የሚነቅለው፣ ፍሬው ቁንጫ የሚያህል ኮስማና ነው፤ ለዋግ ግን እጅ አይሰጥም። ሽማግሌው ሁለቱን ካዳቀሏቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። በየዓመቱ ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ሲዘራ፣ ሲለቀም፣ ሲጣል ቆይቶ አሥራ ሰባት ቁጥር የእናቷን ቁመትና የአባቷን ችሎታ ይዛ የወጣች መሰለች። ፍሬዋ ለእህል፣ ቅጠሏ ለመኖ ይሆናል። ለገበሬ እንድትሰጥ ግን በአምስት ቦታ መፈተን ነበረባት። አራቱን አልፋለች። የቀረው አምስተኛው ነው፤ አምስተኛው ደግሞ የአዳቃይዋ አባት ማሳ ነበር።

አባቷ ላም አርቢ ነው። ከቤቱ በታች ጅረቱን ተጠግቶ ዝቅ ያለ መሬት አለው፤ ጭጋግ እስከ ረፋድ ይተኛበታል። ዋግ እንዲህ ያለ ቦታ ነፍሱ ነው። ሽማግሌው በአባት ማሳ ላይ የልጅን ሥራ መፈተን ደስ አላላቸውም ነበር፤ መሬቱን ሄደው አይተው፣ ጫማቸው ረጥቦ ሲመለሱ ግን እሺ አሉ።

ሃያ ዝርያዎች፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ቦታ ተዘሩ። በየመካከላቸውና ዙሪያውን ደግሞ ልፍስፍሷ ተዘራች። ልፍስፍሷ የጣቢያው ሠራተኞች ያወጡላት ስም ነው፤ ማንኛውም በሽታ ከሁሉም በፊት የሚይዛት የድሮ ዝርያ ስትሆን የምትዘራውም ለዚሁ ነው። እሷ ትታመምና በሽታውን ለጎረቤቶቿ ሁሉ እኩል ታድላለች። ከዚያ በኋላ ማን ቆሞ እንደሚቀር ማየት ነው።

ልጅቱ ለአባቷ ይህን አልነገረችውም። ዕድሜውን ሙሉ ከእህልና ከከብት ጋር የኖረን ሰው ስለ አጃ ማስተማር አፈረች። መለያ ካርዶቹን ተክላ ስትጨርስ አንገቷን ደፍታ፣ «አባዬ፣ እነዚህን እንዳትነካቸው» አለችው።

«ከብት እንዳይገባባቸው ነው?»

«አዎ።»

ነገሩ በዚያው አለቀ። እናቷ ሁለቱን «ግድግዳዎቼ» ነው የምትላቸው፤ አንዱን ብታናግሪው ሌላው አይሰማም፣ ሁለቱን ብታናግሪያቸው ራስሽን ነው የምትሰሚው ትላለች።

የዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አዳቃይዋ ከቀትር በኋላ ቀድማ ደረሰች። ሽማግሌውን አይታ የገዛችውን ነጣ ያለ ሱሪ ለብሳለች። በአጥሩ በኩል ገብታ ገና ከሩቅ አሥራ ሰባት ቁጥርን አየቻት። ትከሻዋ ድረስ ትደርሳለች፤ ዘለላዋ ከብዶ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ቅጠሏ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ሰው ባያያትም ፊቷ ላይ የመጣውን ፈገግታ አጠፋችው። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ጫፉ ላይ ቆመችና ወደ ጭኗ አየች።

ሱሪው ንጹሕ ነበር።

ተመልሳ፣ አሁን ሆን ብላ፣ በልፍስፍሷ ረድፍ ውስጥ እየተሻሸች አለፈች። አሁንም ንጹሕ ነው። ተንበርክካ ቅጠሎቹን ከታች ወደ ላይ አየቻቸው። በታችኞቹ ላይ የሞተ፣ የደረቀ፣ ቡናማ የሆነ የድሮ ነጥብ አለ። ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ ከሱቅ እንደወጣ ዕቃ ያብረቀርቃሉ። ቀና ስትል መለያ ካርዱን አየችው፤ ቁጥሩ ላይ ነጣ ያሉ የጠብታ ምልክቶች ደርቀውበታል። በሁለተኛውም ላይ አሉ። በሦስተኛውም።

አባቷ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከላሞቹ ቤት ወጣ።

«እንዴት ናቸው ልጆችሽ?» አለ። «አማረባቸው?»

«አባዬ፣ ረጭተሃል?»

«ሁለቴ» አለ፤ ሁለት ጣቱን ጭምር አሳያት።

ከዚያ ሳትጠይቀው ዘረዘረላት። ከአምስት ሳምንት በፊት የወተት መኪናው ሹፌር አጥሩ ጋ ቆሞ፣ የተማረች ልጅህ የዘራችው ቢጫ ሆኖ ቀረ እንዴ ብሎ ጠይቆታል። ያ ሹፌር የሰማውን ከወተቱ ጋር ቤት ለቤት የሚያደርስ ሰው ነው። አባቷ በዚያው ሳምንት የዋግ መድኃኒት ገዝቶ፣ መርጫውን ተሸክሞ፣ ጠዋት ጠዋት ረጨ። አንዱንም ረድፍ አልዘለለም። በመንገዱ ዳር ያሉትን እንዲያውም ደገማቸው፤ ከሁሉም የባሰባቸው እነሱ ነበሩ።

«ዝም ብዬ ልያቸው? አንጀቴን በሉት» አለ። «ያልነገርኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«እነሱ እኮ እንዲታመሙ ነው የተዘሩት።»

አባቷ የምትቀልድ መስሎት ትንሽ ጠበቃት። ልጁ ቀልድ እንደማታውቅ ትዝ ሲለው ፊቱ ተለወጠ።

«ሰው በሽታ ይዘራል?»

«ዓመቱን ሙሉ በሽታውን ነው ስጠብቅ የነበረው፣ አባዬ።»

ማሳውን አየ፤ ቀጥሎ እጁን አየ። ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ይኼን አፍ አውጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ፤ ድምፁን ሳያነሳ።

ቤት ሲገቡ እናቷ የሁለቱን ፊት አየችና ዛሬ ደግሞ ግድግዳዎቼ ተጋጩ እንዴ ብላ ሻይ ቀዳችላቸው። ሁለቱም ሳይጠጡት ቀዘቀዘ።

አዳቃይዋ በልጅነቷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የኮሚቴውን ቅጽ ዘረጋች። በቅጹ መጨረሻ ለአስተያየት የተተወ ቦታ አለ። በዚያ ቦታ ላይ ሰዎች በየዓመቱ የሚጽፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ በዚህ ቦታ የበሽታው ጫና ዝቅተኛ ነበር። ዝናብ በዘገየበት ዓመት ይጽፏታል፤ ነፋሱ በሌላ በኩል በነፈሰበት ዓመት ይጽፏታል። ከተጻፈች የአራቱ ቦታዎች ውጤት ይበቃል። ከሚመጡት ሦስት የኮሚቴ ሰዎች አንዱ የዘር ብዜት ኃላፊ፣ አንዷ የመኖ ባለሙያ፣ አንዱ ጸሐፊ ነው፤ ከዋግ ጋር በቅጡ የሚተዋወቅ የለም። ቁመት ያያሉ፣ ቅጠል ያያሉ፣ ይፈርማሉ። ኮሚቴው የሚቀመጠው በዓመት አንዴ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ በአራት ወር ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። አባቷንም ማንም ምንም አይለውም። ብዕሩን ያዘች፤ የመጀመሪያዋን ቃል ጻፈች። «በዚህ» ይላል። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም።

በነጋታው ረፋድ ላይ የኮሚቴው መኪና ሽማግሌውንም ይዞ መጣ። የመኖ ባለሙያዋ በቀጥታ ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ሄዳ ቅጠሏን እየዳበሰች፣ እኔ ላም ብሆን ዛሬ ከዚህ የሚያስወጣኝ አልነበረም አለችና ሁሉንም አሳቀቻቸው። የዘር ብዜት ኃላፊው ለስንት ገበሬ የሚሆን ዘር በስንት ዓመት እንደሚደርስ ከወዲሁ ያሰላ ጀመር። አባቷ አጥሩ ጋ ቆሟል፤ ባዶ የወተት ባልዲ ይዟል፤ ለምን እንደያዘው እሱም የሚያውቅ አይመስልም።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ለብቻቸው ማሳውን አቋረጡ። ጫፉ ላይ ቆመው ወደ ጭናቸው አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው ልጅቱን አዩአት።

«ምነው፣ ዓመቱ ለዋግ አልተመቸም እንዴ?» አለ ኃላፊው፤ ብዕሩን ቅጹ ላይ አስጠግቷል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ራሱ እያቀበላት ነበር። አዎ ማለት ብቻ ይበቃ ነበር።

«ተረጭቷል» አለች።

ድምጿ ስላልተሰማ ጸሐፊው እንድትደግመው ጠየቃት። ደገመችው።

«ማን ረጨው?»

አባቷ ባልዲውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማች። ቀደመችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የማሳው ባለቤት እንዳይረጭ አልነገርኩትም።»

የማሳው ባለቤት። አባቷ ይህን ስም ሲሰማ የመጀመሪያው ነው፤ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዘወር ብሎ አየ። ኃላፊው ቅጹ ላይ የዚህ ቦታ ፈተና ተሰርዟል፣ በሚመጣው ዓመት ይደገም ብሎ ጻፈ። የመኖ ባለሙያዋ አሥራ ሰባት ቁጥርን አንዴ ዳሰሰቻትና እጇን ሰበሰበች። ሽማግሌው ምንም ያልተጻፈበትን መዝገብ ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«ቢያንስ የዛሬው ሱሪ አይታጠብም» አሉ፤ ወደ መኪናው ሄዱ።

በአራተኛው ወር ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው ቀን መሳቢያቸውን ሲያጸዱ ለልጅቱ አጉሊ መነጽራቸውን ሰጧት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሌላ ነገርም ነበር፤ «ይኼን ለማሳው ባለቤት ስጪልኝ» አሏት። ሁለት ነጣ ያሉ ሱሪዎች ናቸው፤ ታጥበውም ጉልበታቸው ላይ ያለው ብርቱካንማ ጥላ አለቀቀም።

በሚቀጥለው የዘር ወቅት ልጅቱ አባቷን በማሳው ጫፍ ላይ አስቀምጣ አወራችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራች። በሕይወቷ ይህን ያህል የተናገረችበት ቀን አታስታውስም። ልፍስፍሷ ለምን እንደምትዘራ፣ ዱቄቱ በነፋስ እንዴት እንደሚሄድ፣ ሱሪው ለምን እንደሚነጣ ነገረችው። አባቷ ከጠበቀችው በላይ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ።

«ታዲያ ይቺ ምስኪን ለሌሎቹ ስትል ነው የምትታመመው?»

«አዎ።»

«ምናለ እንግዲያ ስሟን እንኳን ቢያሳምሩላት» አለ።

የታመመና ያልታመመ ቅጠል እንዴት እንደሚለይ አሳየችው። በሁለቱ መሃል ስላለው ዓይነት ቅጠል ሳትነግረው ቀረች፤ ለአንድ ቀን ከበቂ በላይ ተናግራ ደክሟት ነበር። እናቷ ሱሪዎቹን ከእግራቸው አሳጠረቻቸው፤ ባሏ ከሽማግሌው አንድ ስንዝር ያጥራል።

ከዚያ ወዲህ አባቷ በየሳምንቱ ይደውል ጀመር። ልፍስፍሷ በዘጠነኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ነጥብ ስታወጣ ላም በሰላም እንደወለደችለት ሰው ነበር ድምፁ። በአሥረኛው ሳምንት በመንገዱ ዳር ያሉት በሙሉ ነደዱ። የወተት መኪናው ሹፌር ዘንድሮም ቆሞ፣ ያ ነገር ዛሬም ቢጫ ሆነ እኮ ብሎት ነበር። አባቷ ቢጫ ሳይሆን ብርቱካን ነው፣ ወርደህ በደንብ እየው ብሎ አጥሩን ከፈተለት። ሹፌሩ ገብቶ ወጣ፤ በዚያ ቀን ወተቱን ያደለው ብርቱካን በመሰለ ሱሪ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ረፋድ ላይ አዳቃይዋ በመስታወት ቤቱ ውስጥ የአንድ አበባ ሽፋን በወረንጦ ገልጣ ይዛ ሳለ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። በክርኗ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። አባቷ ነው። ሰላምታው ረዘመ። ጤናዋን ጠየቀ፤ የጣቢያውን ሰዎች ጤና ጠየቀ፤ የማያውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ጠየቀ። ግድግዳው እንዲህ ሲናገር አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«ምን ሆነ አባዬ?»

«አሥራ ሰባት ላይ አየሁ» አለ።

ከአበባው ቀና አለች።

«ሦስቱም ቦታ ላይ። ትንሽ ናት፤ ግን አየሁ። ልንገራት አልንገራት ስል ከትናንት ጀምሮ እህል አልወረደልኝም። መርጫው መጋዘን ነው። አልነካሁትም።»

ወረንጦውን አስቀመጠች።

«ምን ይመስላል?»

«ነጥብ ነዋ። የመርፌ ጫፍ ታህላለች።»

«ዙሪያዋስ?»

«ዙሪያዋ ገርጥቷል። ልክ ቀለበት ያሰሩላት ነው የምትመስለው።»

«ሁሉም እንደዚያ ናቸው?»

«ያየኋቸው ሁሉ። ስንት ቅጠል እንዳየሁ አትጠይቂኝ፤ ወገቤ የለም።»

«አሁን የት ነህ?»

«እዚሁ ነኝ፤ አጠገቧ።»

«አንዱን ቅጠል በጣትህ ፈትገው፣ አባዬ።»

ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ከሩቅ አንዲት ላም ጮኸች። በመስታወት ቤቱ ጣሪያ ላይ ውኃ አንድ ቦታ ይንጠባጠባል።

«ጣትህ ላይ ምን አለ?»

አባቷ ጊዜ ወሰደ። ይህ ሰው አንዴ በመቸኮል አንድ ዓመት አጥፍቷል።

«ምንም» አለ።

«ደግመህ፣ ሌላውን።»

«ምንም የለም። ንጹሕ ነው።»

«ሱሪህስ?»

«ሱሪዬማ አይነገርም። እናትሽ ደጅ አውልቀህ ካልሆነ ቤት አትገባም ብላኛለች።»

አዳቃይዋ ገልጣ የተወችውን አበባ አየችው፤ ሽፋኑ መልሶ ገጥሟል። እንደገና መጀመር አለባት። ኮሚቴው ሐሙስ እንዲመጣ መጥራት ነበረባት፤ ለሽማግሌውም መደወል ነበረባት። ሁለቱም ይቆያሉ።

«እስከ ሐሙስ እንዳይታጠብ» አለች።

«ሱሪው?»

«ሱሪው።»

«እሺ፣ እሱስ አይታጠብም» አለ አባቷ። «ግን ይቺ ልጅ ታማለች ወይስ አልታመመችም? እሱን ንገሪኝ።»

በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፤ ስልኩን ወደ ራሷ አስጠጋችና ስለ ሁለቱ ቅጠሎች ከመጀመሪያው ትነግረው ጀመር።